የሳሙራይ ጌቶችን ውርስ ለመከተል፦ ደሙን ትታችሁ ቤቱን ቁጠሩ

ባሕር ዳር፣ ሐይቅ ዳር ካሉት ካፌዎች አንዱ ጋ ቁጭ ብላችሁ ጆሯችሁን ጣል ብታደርጉ፣ ስለ ኳስ ከሚጨቃጨቁት ጠረጴዛዎች መሀል አንዱ ስለ ጃፓን የድሮ ጦረኞች፣ ስለ ሳሙራይ፣ ሲጨቃጨቅ ልታገኙት ትችላላችሁ። ግማሹ በጌም የገባበት ነው፣ ግማሹ በተከታታይ ፊልም። ክርክሩ የሚጋጨው ደግሞ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው። «ኮባያካዋ ሂዴአኪ የሂዴዮሺ ልጅ ነው» ይላል አንዱ። «ኧረ የታካካጌ ልጅ ነው» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ «የሂዴዮሺ ሚስት የወንድም ልጅ ነው» ብሎ ያርፈዋል። ሦስቱም ልክ ናቸው።

ግራ የሚያጋባን የራሳችን የዘር አቆጣጠር ነው። ጎጃም ወይም ጎንደር ያደገ ሰው ዘር ሲቆጥር ደም ይቆጥራል። ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በድሮው የርስት ሥርዓትም በአባትም ይሁን በእናት፣ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት ጋር የሚያገናኝ የትውልድ መስመር ያለው ሰው ድርሻዬን ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ይህን ልማድ ይዞ የጃፓን ጌቶች ታሪክ ውስጥ የገባ ሰው ሦስተኛው ትውልድ ጋ ሳይደርስ መንገዱ ይጠፋዋል። እዚያ የሚወረሰው ቤቱ ነው፤ ስሙ፣ ግንቡ፣ ግዛቱ፣ ሎሌው፣ የቤቱ ዓርማ፣ የአያት ቅድመ አያት መታሰቢያ ሁሉ በአንድ ጥቅል ለአንድ ሰው ይሰጣል። ያ ሰው ልጅ ቢሆን ጥሩ። ባይሆንም ቤቱ ይቀጥላል።

ስለዚህ እንሳለው። ትልቅ ወረቀት አግኙ፤ ኤ3 ይበቃል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። እርሳስ፣ ላጲስ፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ ያዙ። ስልክ ላይ አትጀምሩ። ስክሪኑ ይጠባል፣ አንዱን ቤት ስታዩ ሌላው ይሰወርባችኋል፣ መብራት በጠፋበት ቀን ደግሞ ባትሪ ካለቀ አለቀ ነው። ከሰዓት ሐይቅ ዳር የምትቀመጡ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የውሃ ጠርሙስ አስቀምጡበት፤ ነፋሱ ምሕረት የለውም።

ሳትጀምሩ ስለ ዓመታቱ አንድ ነገር ልበል። እዚህ የምጽፋቸው ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወደኛ ለመመለስ 7 ወይም 8 ትቀንሳላችሁ፣ ግን ወረቀቱ ላይ አትቀላቅሉ፤ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በሱ ሂዱ። ዕድሜ ላይም ተጠንቀቁ። በድሮው የጃፓን አቆጣጠር ሕፃን እንደተወለደ አንድ ዓመቱ ነው፣ አዲስ ዓመት ሲገባ ሁለት ይሆናል። አንዱ ጽሑፍ «በ17 ዓመቱ ወረሰ»፣ ሌላው «በ18 ዓመቱ» ቢላችሁ ማንም አልዋሸም።

ስሙን ከየት ጀምረን እናንብብ

ይህ የኛ የራሳችን ወጥመድ ነው። ቶኩጋዋ ኢየያሱ የሚል ስናይ አእምሯችን ሳናዘው «የኢየያሱ ልጅ ቶኩጋዋ» ብሎ ያነባል። ተገላቢጦሽ ነው። ፊት የሚመጣው የቤቱ ስም ነው፣ ኋላ የሚመጣው የሰውየው። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ መጀመሪያ ሰው አትሳሉ። ሰፋ ያለ ሳጥን ሳሉ፣ አናቱ ላይ የቤቱን ስም ጻፉ፦ ታኬዳ፣ ኡኤሱጊ፣ ሞሪ፣ ኦዳ፣ ቶኩጋዋ። ሰዎቹን ውስጡ ታስገቧቸዋላችሁ።

ከቤቱ ስም ሥር ግዛቱን በኮኩ አስፍሩ። አንድ ኮኩ ወደ 150 ኪሎ ሩዝ ነው፣ በግምት አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚበላው። በቶኩጋዋ ዘመን (ከ1603 እስከ 1867) ዳይምዮ፣ ማለትም ባለግዛት ጌታ፣ ለመባል ቢያንስ 10,000 ኮኩ የሚገመት ግዛት ያስፈልግ ነበር። ይህን ቁጥር አትዝለሉት፤ ውርስ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚቀንሰው እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ የአንድ ወራሽ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ የነበረ አይደለም። በካማኩራ ዘመን፣ ሚናሞቶ ዮሪቶሞ በ1192 ሾጉን (አገሩን የሚገዛ የጦር አለቃ) ከሆነ በኋላ ባሉት ትውልዶች፣ የጦረኛ ቤቶች መሬታቸውን ለልጆች ያከፋፍሉ ነበር፤ ለሴቶች ልጆችም ጭምር። በ1232 የወጣው ባለ 51 አንቀጽ ሕግ ልጅ የሌላት ሴት የማደጎ ልጅ ወስዳ መሬቷን እንድታወርሰው ይፈቅድ ነበር። ግን መሬት እየተከፋፈለ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለጎጃም ገበሬ ማንም አያስረዳውም፤ ይጠባል። በ1274 እና በ1281 ከሞንጎሎች ጋር ከተደረጉት ጦርነቶች ደግሞ የሚከፋፈል አዲስ መሬት አልተገኘም። ቀስ በቀስ ሁሉም ለአንድ ልጅ ወደ መስጠት ዞረ። ሌሎቹ ወንድሞች የሱ ሎሌ ሆኑ፣ ሴቶቹም ድርሻቸውን አጡ። ስለዚህ የምትስሉት ቤት ከ1300 በፊት ከሆነ ብዙ ቅርንጫፍ ጠብቁ፤ ከ1450 በኋላ ከሆነ አንድ ግንድ።

ሁለት ዓይነት መስመር

አሁን ሰዎቹን አስገቡ። ወልዶት ከሆነ ቀጥ ያለ መስመር። በማደጎ ከሆነ የተቆራረጠ መስመር። ይቺን ብቻ በሥርዓት ከያዛችሁ ግማሹ ውዥንብር ይጠፋል።

በሞሪ ጀምሩ፣ ጥሩ መለማመጃ ነው። ሞሪ ሞቶናሪ ሦስት ዋና ልጆች ነበሩት። የበኩሩ ታካሞቶ የሞሪን ቤት ያዘ። ሁለተኛው ሞቶሃሩ ኪካዋ ለሚባል ቤት ማደጎ ተሰጠ፣ ሦስተኛው ታካካጌ ለኮባያካዋ ቤት። ልጅ ስለበዛበት ነው የሰጣቸው? አይደለም። ሁለቱ ጎረቤት ቤቶች ያለ ጦርነት በሞሪ እጅ እንዲገቡ ነው። ሰውየው በ1557 ለሦስቱም ተባበሩ የሚል ረዥም ደብዳቤ ጽፎላቸዋል፣ ደብዳቤው ዛሬም አለ። ሦስት ቀስት አንድ ላይ አይሰበርም የሚለው ተረት ግን ኋላ የመጣ ማጣፈጫ ነው። ታካሞቶ በ1563 ከአባቱ ቀድሞ ሞተ፤ ቤቱ ለታካሞቶ ልጅ ለቴሩሞቶ ሄደ፣ ሁለቱ አጎቶችም ደገፉት።

አሁን ኮባያካዋ ሳጥን ውስጥ ግቡ። ታካካጌ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ያን ጊዜ አገሩን የያዘው ሂዴዮሺ የሚስቱን የወንድም ልጅ ሂዴአኪን መጀመሪያ ራሱ ማደጎ ወስዶት ነበር፤ በኋላ ለታካካጌ ሰጠው። እንግዲህ ሂዴአኪ ከአንድ ቀጥ ያለና ከሁለት የተቆራረጡ መስመሮች ጋር ይቀመጣል። የካፌው ክርክር እዚህ ጋ አለቀ። በ1600 ሴኪጋሃራ ጦር ሜዳ ላይ ጎራ ቀይሮ ጦርነቱን ኋላ ሾጉን ለሆነው ለቶኩጋዋ ኢየያሱ ያዞረው እሱ ነው፤ በ1602 ወራሽ ሳይተው ሞተ፣ ቤቱም ተዘጋ። ሳጥኑን ከሥር በሰማያዊ ዝጉት።

ሌላ የማደጎ ዓይነት አለ፤ አማቹን ልጅ ማድረግ። ወንድ ልጅ የሌለው ጌታ ለሴት ልጁ ባል ይፈልጋል፣ ባልየው ወደ ቤቱ ይገባል፣ የቤቱን ስም ይይዛል፣ ይወርሳል። ታቺባና ዶሴትሱ ግን ከዚህም አልፎ ሄዷል። በ1575 ግንቡንና የቤቱን ጌትነት ለትንሿ ልጁ ለጊንቺዮ በስሟ አስተላለፈላት፣ ገና ሕፃን ነበረች። ኋላ የሌላ ቤት ልጅ የሆነው ሙኔሺጌ አግብቷት ገባና ቤቱን ያዘ። እዚህ ጋ የጊንቺዮን ስም ከባሏ ጎን አድርጋችሁ አትለፉት፤ ከአባቷ ቀጥሎ፣ ከባሏ በፊት፣ በራሷ ቦታ ጻፏት።

ማደጎ እኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ የጡት ልጅ መሆን ትልቅ የፖለቲካ መሣሪያ ነበር። ልዩነቱ የጃፓኑ ማደጎ ሙሉ በሙሉ ወራሽ መሆኑ ነው። ከሥጋ ልጅ እኩል ቤቱን ይይዛል፣ ማንም «ደሙ የኛ አይደለም» ብሎ አይከራከረውም። አብዛኛውን ጊዜ ማለቴ ነው።

በቶኩጋዋ ዘመን መጀመሪያ ላይ አንድ ጨካኝ ደንብ ነበር። ወራሽ በጊዜ ያላስመዘገበ ጌታ በሞት አልጋ ላይ ሆኖ «እገሌን ማደጎ ወስጃለሁ» ማለት አይችልም ነበር። ድንገት ከሞተ ቤቱ ይፈርሳል፣ ግዛቱ ይወረሳል፣ በሺህ የሚቆጠር ሎሌው ጌታ አልባ ሮኒን ሆኖ መንገድ ላይ ይቀራል። ሮኒን ሲበዛ ነገር ይከራል። በ1651 ሦስተኛው ሾጉን ኢየሚትሱ ሲሞት ዩይ ሾሴትሱ የሚባል ሰው ሮኒኖችን ይዞ መንግሥት ለመገልበጥ አሴረ፣ ሴራው ተጋለጠበት፣ ሲከበብም ራሱን አጠፋ። መንግሥቱ ነገሩ ገብቶት በዚያው ዓመት ደንቡን አላላ፦ 50 ዓመት ያልሞላው ጌታ በሞት አልጋም ቢሆን ማደጎ መውሰድ ተፈቀደለት።

ይህ ለኡኤሱጊ ቤት ነፍስ ዘራ። በ1664 የቤቱ ጌታ ትሱናካትሱ ወጣት ሆኖ፣ ልጅ ሳይወልድ፣ ወራሽም ሳይሰይም ድንገት ሞተ። ቤቱ የእህቱን ልጅ አስገብቶ ተረፈ፣ ግን ግዛቱ ከ300,000 ወደ 150,000 ኮኩ ወረደ። ሎሌውን ግን አልቀነሰም። ድህነቱን አስቡት። የገባው ልጅ አባት ማን ይመስላችኋል? ኪራ ዮሺናካ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ 47ቱ ሮኒኖች ቤቱን ሰብረው የገደሉት ሰው። ወረቀታችሁ ላይ ሁለቱን ታሪኮች በቀጭን መስመር አገናኟቸው፣ ደስ ይላል።

አንድ ሰው፣ አምስት ስም

ከማደጎ ቀጥሎ ሰው የሚያስለቅሰው ስም ነው። የሕፃንነት ስም አለ፣ ልጁ ለአቅመ አዳም ደርሶ ፀጉሩን ሲሠራ የሚቀበለው ስም አለ፣ የሹመት ስም አለ፣ ጭንቅላቱን ሲላጭ የሚይዘው የቡድሃ እምነት ስም አለ። ለኛ ሰው ይህ ሊከብደን አይገባም። ቴዎድሮስ ካሳም ነው፣ አባ ታጠቅም ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ራስ አዳል ነበሩ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዋና ስም ምረጡ፣ ትልቅ አድርጋችሁ ጻፉት፣ ሌሎቹን ከሥሩ በትንሹ ደርድሩ። ዋናው ስም ታሪክ የሚያውቀው የመጨረሻው ይሁን።

ኡኤሱጊ ኬንሺንን እንይ። ናጋኦ ካጌቶራ ተብሎ ኖረ። በ1561 ኡኤሱጊ ኖሪማሳ ማደጎ ወስዶት የኡኤሱጊን ስም ሰጠው፤ ማሳቶራ ሆነ፣ ቴሩቶራ ሆነ፣ በመጨረሻ ኬንሺን። ኬንሺን የመነኩሴ ስም ነው። ታኬዳ ሺንገንም እንደዚሁ። ዘጌ ወይም ደጋ እስጢፋኖስ መነኮሰ ሲባል ዓለሙን ጥሎ ገባ ማለት ነው፤ እነዚህ ግን ተላጭተው፣ ስም ቀይረው፣ ጦራቸውን መምራት ቀጠሉ። «መነኮሰ» የሚል ስታገኙ ውርሱ ተላለፈ ብላችሁ አትቸኩሉ።

የሕፃንነት ስም ደግሞ ይደጋገማል። ታኬቺዮ የኢየያሱ የልጅነት ስም ነው፤ የልጅ ልጁ የኢየሚትሱም ነው። ይህ ዝም ብሎ አይደለም። ለአንድ ሕፃን የአያቱን የሕፃንነት ስም መስጠት «ወራሹ ይሄ ነው» ብሎ ማወጅ ነው።

ከስም ውስጥ ቁራጭ ማንበብም ተለማመዱ። ብዙ ቤት ከትውልድ ትውልድ የሚያስተላልፈው ቁራጭ አለው፦ ታኬዳ «ኖቡ»፣ ሞሪ «ሞቶ»፣ ቶኩጋዋ «ኢየ»። ጌታ ለሎሌው ወይም ለወዳጁ ልጅ ከስሙ ቆርሶ መስጠትም ነበር። የኢየያሱን ሦስት የመጀመሪያ ልጆች ተመልከቱ። ኖቡያሱ፦ «ኖቡ» ከኦዳ ኖቡናጋ፣ «ያሱ» ከአባቱ። ሂዴያሱ፦ «ሂዴ» ከሂዴዮሺ፣ «ያሱ» ከአባቱ። ሂዴታዳ፦ እንደገና «ሂዴ» ከሂዴዮሺ። ኢየያሱ በየጊዜው ማንን ይፈራ እንደነበር ከልጆቹ ስም ላይ ይነበባል። እሱ ራሱ በወጣትነቱ ሞቶያሱ ነበር፣ «ሞቶ» ከኢማጋዋ ዮሺሞቶ። ዮሺሞቶ በ1560 ኦኬሃዛማ ላይ ሲገደል፣ ሦስት ዓመት ቆይቶ ስሙን ጣለው።

ጎደሎ ቁራጭም ይናገራል። የሺንገን ልጅ ካትሱዮሪ ስሙ ውስጥ «ኖቡ» የለም። «ዮሪ» የሱዋ ቤት ነው፣ የእናቱ ቤት፤ ሺንገን አባቷን አጥፍቶ የወሰዳት ሴት ልጅ ነው። ካትሱዮሪ የታሰበው ለሱዋ ነበር። ትልቁ ወንድሙ ዮሺኖቡ ከአባቱ ተጣልቶ ታስሮ በ1567 ሲሞት ነው ታኬዳ ላይ የወደቀው። ሺንገን በ1573 ሲሞት ሎሌዎቹ ካትሱዮሪን በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም፤ ስሙን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

እናትየዋን አክብቧት

አብዛኛው የዘር ሐረግ ሥዕል አባት ብቻ ይጽፋል። ስህተት ነው። ጌታው ዋና ሚስትና ዕቁባቶች አሉት፣ የልጁ ዕድል ደግሞ በእናቱ ቤት ጉልበት ይወሰናል። የእናት ስም ካገኛችሁ ጻፉ፣ አክብቡት፣ ከየትኛው ቤት እንደመጣች ጨምሩ።

ለዚህ ከኦኢቺ ልጆች የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ኦኢቺ የኖቡናጋ እህት ናት። ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯት። ትልቋ ቻቻ የሂዴዮሺ ዕቁባት ሆነች፣ በ1593 ሂዴዮሪን ወለደች። ትንሿ ጎ የቶኩጋዋ ሂዴታዳ ሚስት ሆነች፣ ኢየሚትሱን ወለደች። የጎ ልጅ ሴንሂሜ ደግሞ ለሂዴዮሪ ተዳረች፤ ለአክስቷ ልጅ ማለት ነው። ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሰው ይህ ራሱ ጉድ ነው። በ1614 የሂዴዮሪ ግንብ ኦሳካ በቶኩጋዋ ጦር ሲከበብ አንዷ እህት ግንቡ ውስጥ፣ የሌላዋ ባል ከከበቡት ጋር ነበሩ። መሀለኛዋ ሃትሱ በሁለቱ መሀል እየተመላለሰች አደራደረች። በ1615 ቻቻና ልጇ አብረው ሞቱ። በአባት መስመር ብቻ ብትስሉት ይህ ሁሉ አይታይም፤ ሁለት የማይተዋወቁ ቤቶች የተዋጉ ይመስላል።

ሞግዚትም አትርሱ። ሂዴታዳና ሚስቱ ከኢየሚትሱ ይልቅ ታናሹን ታዳናጋን ይወዱ ነበር። የኢየሚትሱ ሞግዚት ካሱጋ ሽማግሌው ኢየያሱ ድረስ ሄዳ አቤት አለች ይባላል፣ ኢየያሱም ለትልቁ ፈረደ። ታዳናጋ በኋላ ግዛቱን ተነጥቆ ራሱን እንዲያጠፋ ተደረገ።

ሁለት ዓመት ጻፉ

ከእያንዳንዱ ጌታ ስም አጠገብ ቤቱን ያስረከበበትንና የሞተበትን ዓመት ለየብቻ ጻፉ። ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ኢየያሱ በ1603 ሾጉን ሆነ፣ በ1605 ለሂዴታዳ አስረከበ፣ እስከ 1616 ኖረ። በነዚያ 11 ዓመታት ትእዛዙ ከማን ይወጣ ነበር? ከጡረተኛው። ሂዴታዳም በ1623 ለቆ እስከ 1632 ቆየ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ አባት በሕይወት እያለ ልጁ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ፣ አባት የሞተ ዕለት ማንም «ለኔ ይገባ ነበር» አይልም።

ተገዶ የለቀቀም አለ። ሺንገን በ1541 አባቱን ኖቡቶራን ከአገር አባረረው። ሽማግሌው ግን ልጁ ከሞተ በኋላ እንኳ በሕይወት ነበር፣ የሞተው በ1574 ነው። ዓመት ካልጻፋችሁ ይህን ማን ያምናችኋል።

ቀዩን እስክሪብቶ አውጡ

አሁን የምወደው ክፍል ደረሰ። በውርስ ደም የፈሰሰበትን ቦታ ሁሉ በቀይ ምልክት አድርጉ። ጥቂት ቤት ከሳላችሁ በኋላ ጠቡ ከመምጣቱ በፊት መለየት ትችላላችሁ።

ከሁሉ የከፋው ወራሽ ከተሰየመ በኋላ ልጅ ሲወለድ ነው። ሾጉን አሺካጋ ዮሺማሳ ልጅ ስላልነበረው መነኩሴ የነበረውን ወንድሙን ዮሺሚን ከገዳም አስወጥቶ ወራሽ አደረገው። በዓመቱ፣ በ1465፣ ሚስቱ ወንድ ወለደች። ሁለት ትልልቅ ቤቶች፣ ሃታኬያማና ሺባ፣ እነሱም በዚያው ሰሞን በራሳቸው ውርስ ተከፋፍለው ነበር። ሁሉም አንድ ላይ ፈነዳና ከ1467 እስከ 1477 ኪዮቶ ተቃጠለ። እኛ ዘንድ የጎንደር ነገሥታት ትርፍ መሳፍንቱን ወህኒ አምባ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ጃፓኖቹ ገዳም ይልኳቸው ነበር። ከአምባም ከገዳምም ግን ሰው ሲፈለግ ይወርዳል።

ሂዴዮሺ ይህንኑ ደገመው፣ ያውም በባሰ ሁኔታ። ከተራ ቤተሰብ የተነሳ፣ ትልቅ ዘመድ የሌለው ሰው ነው፤ በ1585 ትልቁን የቤተ መንግሥት ሹመት ካምፓኩን ለማግኘት እሱ ራሱ በትልቅ ሰውነቱ ለኮኖኤ ቤት ማደጎ መግባት ነበረበት። በ1589 የተወለደለት ልጅ በ1591 ሞተበት። ተስፋ ቆርጦ የእህቱን ልጅ ሂዴትሱጉን ማደጎ ወሰደ፣ ሹመቱንም ለቀቀለት። በ1593 ሂዴዮሪ ተወለደ። በ1595 ሂዴትሱጉ ራሱን እንዲያጠፋ ታዘዘ፤ ሚስቶቹና ልጆቹ፣ ከ30 በላይ ሰዎች፣ ኪዮቶ ውስጥ በአደባባይ ተገደሉ። ለሕፃኑ መንገድ የጠረገ መሰለው። በተግባር ግን ራሱ በ1598 ሲሞት፣ ለአምስት ዓመት ሕፃን ሊቆም የሚችል አንድም አዋቂ ዘመድ አላስቀረም። የቀሩት ለሕፃኑ የማሉ ታላላቅ ጌቶች ናቸው፣ ከነሱም አንዱ ኢየያሱ። ሂዴዮሺ በጦር ሜዳ ጎበዝ ሰው ነበር፣ በቤቱ ግን እንደሱ ያለ ሰነፍ አላየሁም።

ሁለት ማደጎ ይዞ ማንኛው እንደሚወርስ ሳይናገሩ መሞትም አለ። ኬንሺን ሚስት አላገባም። ካጌካትሱ የእህቱ ልጅ ነው፤ ካጌቶራ ከሆጆ ቤት በእርቅ የመጣ። በ1578 ኬንሺን ድንገት ሲሞት ካጌካትሱ ቀድሞ የግንቡን ውስጠኛ ክፍልና ግምጃ ቤቱን ያዘ። አለቀ። በዓመቱ ካጌቶራ ሞተ። ሚስቱ የካጌካትሱ እህት ነበረች።

ሕፃን ወራሽ ካያችሁ ደግሞ ከጀርባው ማን እንደቆመ ፈልጉ። ኖቡናጋ በ1582 ሆንኖጂ ላይ ሎሌው ከድቶት ሲሞት፣ ቤቱን ቀደም ብሎ ያስረከበው ልጁ ኖቡታዳም በዚያው ቀን ሞተ። ሁለት አዋቂ ልጆች ነበሩ። ሂዴዮሺ ግን የኖቡታዳን ሕፃን ልጅ አቅፎ መጣ። ሕጉም ያስኬዳል፤ ሕፃን ደግሞ አይከራከርም።

መለማመጃ፦ ቶኩጋዋ

አሁን ብቻችሁን ሞክሩ። 15 ሾጉኖች፣ 14 ርክክቦች። ከ14ቱ ቤቱ ከአባት ወደ ወለደው ልጅ የሄደው 8 ጊዜ ብቻ ነው። ሌሎቹን 6 ፈልጉ። ፍንጭ፦ ከ15ቱ ስሞች «ኢየ» የሌላቸው አራት ናቸው፤ ሂዴታዳ፣ ትሱናዮሺ፣ ዮሺሙኔ፣ ዮሺኖቡ። ከሂዴታዳ በቀር ሦስቱም ከአባታቸው አልወረሱም። ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ፤ ከጎን የመጡ ሌሎች ሲሾሙ ስማቸውን ወደ «ኢየ» ቀይረዋል።

ከዋናው ሳጥን ጎን ለኦዋሪ፣ ለኪይና ለሚቶ ሦስት ትናንሽ ሳጥኖች ጨምሩ። ኢየያሱ ልጆቹን አስቀምጦባቸዋል፤ ግንዱ ሲደርቅ ከነሱ እንዲወሰድ። በ1716 ሕፃኑ ሾጉን ኢየትሱጉ ሲሞት የሠራው ይኸው ነው፤ ዮሺሙኔ ከኪይ መጣ። እሱ ደግሞ በተራው ታያሱና ሂቶትሱባሺ የሚባሉትን ቤቶች ለልጆቹ ከፈተ፣ ልጁ ኢየሺጌም ሺሚዙን ጨመረ። መለዋወጫ በመለዋወጫ ላይ።

የመጨረሻው ዮሺኖቡ ከሚቶ ቤት ተወለደ፣ ሂቶትሱባሺ ቤት ማደጎ ገባ፣ በ1867 መጀመሪያ ሾጉን ሆነ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ መለሰ። ሾጉን የሚለውን መስመር 1867 ላይ ዝጉት። የቶኩጋዋን ቤት ሳጥን ግን አትዝጉት፤ በ1868 ከታያሱ ቤት ካሜኖሱኬ የሚባል ትንሽ ልጅ መጥቶ ወረሰው፣ ኢየሳቶ ተባለ። ዮሺኖቡ እስከ 1913 ኖሯል፣ በ1902 ከዋናው ቤት የተለየ የራሱን ቤት እንዲያቆም ተፈቅዶለታል። ለሱ ሌላ ሳጥን ሳሉለት፣ የመጀመሪያው ጌታ ብላችሁም አናቱ ላይ ጻፉት።